ካናቢስ የሚበቅልበት ክፍል ውስጥ ለምትተኙ፦ የመብራቱ ሰዓትና የእናንተ እንቅልፍ



የዛሬው ርዕስ አንዳንዶቻችሁን ሊያስገርም፣ አንዳንዶቻችሁን ደግሞ ሊያስቆጣ ይችላል። «ሐኪም ስለ ሐሺሽ ማብቀል ምን አገባው?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ነገር ግን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ የእንቅልፍ ጥያቄዎች ጥቂት የማይባሉት መጨረሻቸው እዚያው ላይ ነው የሚያርፈው። ሰውየው ስለ እንቅልፍ ማጣቱ ሁለት ገጽ ይጽፍና መጨረሻ ላይ «ደግሞ ክፍሌ ውስጥ ትንሽ ተክል አለች፤ መብራቷ ሌሊት ይበራል፤ እሱ ችግር አለው?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ፣ አለው። ዛሬ የማወራው ስለዚያ መብራት ነው።

መጀመሪያ የቦታውን ነገር ግልጽ ላድርግ። የምሠራው በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። ዲሲ ከ2015 ጀምሮ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ቨርጂኒያ ከ2021፣ ሜሪላንድ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ዕድሜው 21 የሞላው ሰው ለግሉ የሚሆን ጥቂት የካናቢስ ተክል ቤቱ ውስጥ ቢያበቅል በአካባቢው ሕግ አይከሰስም። ቨርጂኒያ በአንድ ቤት እስከ አራት ተክል፣ ሜሪላንድ እስከ ሁለት ትፈቅዳለች። ኢትዮጵያ ውስጥም ሆነ አረብ ሀገር ላላችሁ አንባቢዎቼ ግን ማብቀልም መያዝም ወንጀል ነው፤ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። እኔ ማንንም፣ የትም ቢኖር፣ አብቅሉ አልልም። የሚያበቅል ሰው ግን አለ፤ ታካሚዬም ነው፤ እንቅልፉም የእኔ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ተክሉ። ካናቢስ የሚያብበው ዕድሜው ስለደረሰ ብቻ አይደለም፤ ሌሊቱ ሲረዝምለት ነው። ሜዳ ላይ ሲሆን በጋውን ሙሉ፣ ቀኑ ረጅም እስከሆነ ድረስ፣ ቅጠልና ግንድ ብቻ ያወጣል። ቀኑ እያጠረ፣ ሌሊቱ እየረዘመ ሲመጣ ነው አበባ የሚይዘው። ሰዎች የሚፈልጉት ደግሞ የሴቷን ተክል አበባ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ የሚያበቅል ሰው ወቅቱን በመብራት ይሠራዋል። በእድገቱ ጊዜ 18 ሰዓት ብርሃን፣ 6 ሰዓት ጨለማ ይሰጠዋል። እንዲያብብ ሲፈልግ ወደ 12 ሰዓት ብርሃንና 12 ሰዓት ጨለማ ይቀይረዋል፤ አበባው እስኪደርስም ሁለት ወር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ በዚሁ ይቆያል። መብራቱን ታይመር ያበራዋል፣ ያጠፋዋል።

ተክሉ የሚለካው ብርሃኑን ሳይሆን ጨለማውን ነው። ይህ እንዴት እንደታወቀ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ የተጀመረው ከብዙዎቻችሁ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ ቨርጂኒያ አርሊንግተን ውስጥ ነው። ጋርነርና አላርድ የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች «ሜሪላንድ ማሞዝ» የሚባል የትምባሆ ዝርያ አስቸግሯቸው ነበር። በጋውን ሙሉ ይረዝማል፣ ይረዝማል፤ አያብብም። ከፀሐይ እየወሰዱ ጨለማ ቤት ውስጥ እያስገቡ ቀኑን ሲያሳጥሩበት ግን በበጋው መሀል አበበ። ይህን በ1920 አሳተሙት። በ1938 ደግሞ ሃምነርና ቦነር የተባሉ ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ፍሬው ልብስ ላይ የሚጣበቅ አንድ አረም ወስደው ረጅሙን ሌሊት መሀል ላይ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ መብራት አበሩበት። ሳያብብ ቀረ። ቀኑ አጭር ሆኖ ሳለ፣ ሌሊቱ ስለተቋረጠ ብቻ ማለት ነው። ተክሉ ውስጥ ፋይቶክሮም የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ቀይ ብርሃን ሲያርፍበት ቅርጹን ይለውጣል፣ ጨለማ ውስጥ ቀስ እያለ ይመለሳል። አንድ ብልጭታ ቆጠራውን ሊያበላሸው ይችላል።

ለዚህ ነው የሚያበቅሉ ሰዎች ለጨለማው ያን ያህል የሚጨነቁት። ድንኳኑን በጥቁር ፕላስተር ይደፍናሉ፤ የቻርጀሩን ትንሽ ቀይ መብራት ሳይቀር ይሸፍናሉ። በጨለማው ሰዓት መግባት ካለባቸው አረንጓዴ ባትሪ ግንባራቸው ላይ አስረው ይገባሉ፤ አረንጓዴ ብርሃን ተክሉን ብዙም አይረብሸውም ስለሚባል። (የሰው ዓይን ግን አረንጓዴን ከሁሉም ቀለም አብልጦ ያያል። ለተክሉ ድብዝዝ የሆነው ለእናንተ ድብዝዝ አይደለም።)

እኛ ካደግንበት ሀገር ስለመጣን ይህ ሁሉ የሚገርመን ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን ያላቸው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሰዓታችንንም የምንቆጥረው በዚያ ነው፤ 12 ሰዓት ላይ ይነጋል፣ 12 ሰዓት ላይ ይመሻል። ዋሽንግተን ላይ ግን ታኅሣሥ ወር ውስጥ ቀኑ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይወርዳል፣ ሰኔ ላይ ወደ 15 ሰዓት ይጠጋል። ሰውነታችን ይህን መለዋወጥ መልመድ አለበት። ገና ሳይለምድ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ፀሐይ ይገባል።

የሰው አካል ጨለማን እንዴት ያውቃል? ከዓይናችን ጀርባ፣ ሬቲና ላይ፣ ለማየት ከምንጠቀምባቸው ሴሎች ሌላ፣ ሥራቸው በዋናነት «ነግቷል ወይስ መሽቷል» የሚለውን ለአንጎል መንገር የሆነ ሴሎች አሉ። በትክክል የታወቁት በ2002 ነው፤ ለሕክምና ታሪክ ትናንት ማለት ነው። ሜላኖፕሲን የሚባል ቀለም አላቸው፤ በተለይ ሰማያዊ ብርሃን ይቀሰቅሳቸዋል። መልእክታቸው አንጎል ውስጥ ወዳለው ዋናው ሰዓት ይሄዳል፤ እሱም ሲመሽ ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን እንዲለቀቅ፣ ሲነጋ እንዲቆም ያዛል። የሰውነት ሙቀት፣ የደም ግፊት፣ የስኳር አጠቃቀም፣ የረሃብ ስሜት በዚህ ሰዓት ይመራሉ።

«ዓይኔን ከጨፈንኩ ምን ችግር አለው?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። የዓይን ቆብ ብርሃንን ሙሉ በሙሉ አይከለክልም። በ2022 ቺካጎ አካባቢ ያለው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ያወጣው አንድ ጥናት አለ። 20 ጤነኛ ወጣቶች ናቸው የተጠኑት፤ ትንሽ ጥናት ነው። ገሚሶቹ አንድ ሌሊት 100 ሉክስ ብርሃን በበራበት ክፍል ተኙ። 100 ሉክስ ማለት ደብዘዝ ያለ የሳሎን መብራት ነው። ሌሊቱን የልብ ምታቸው ከፍ አለ፤ ጠዋት ላይ ደግሞ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን ያለው ምላሽ ቀነሰ። በአንድ ሌሊት ብቻ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተኝተው። ስኳርና ደም ግፊት ቤታችን በገባበት ማኅበረሰብ ውስጥ ይህን ሳነብ የምኝታ ክፍል መብራት ትንሽ ነገር አይመስለኝም። ለተክል የተሠራ መብራት ደግሞ ቅጠሉ ላይ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሉክስ ያሳርፋል። ከድንኳኑ ዚፕና ከአየር ማስወጫው የሚያመልጠው ጥቂቱ ብቻ ክፍሉን ለማብራት ይበቃል።

አንድ ታካሚዬን ላንሳ። ታሪኩን የማወጋችሁ በፈቃዱ ነው፤ ማንነቱ እንዳይታወቅም አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ዕድሜው አርባዎቹ ውስጥ ነው፤ መኪና እየነዳ መንገደኛ ያመላልሳል። ሥራው ከቀኑ 9 ሰዓት ይጀምርና ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቤቱ ይገባል (ሰዓቱ በሀበሻ ነው)። የመጣው የእንቅልፍ ኪኒን እንዳዝለት ነበር። አልጋው ላይ ሰባት ሰዓት ይጋደማል፤ የሚተኛው አራት ወይም አምስት፣ እሱም ተቆራርጦ። ሁለት ሳምንት እንቅልፉን እየመዘገበ እንዲመጣ ወረቀት ሰጠሁት፤ ደም አሠራሁለት፤ ኩርፊያና ሌሊት ትንፋሽ መቋረጥ እንዳለውም አጣራሁ። ቀጠሮው ሲደርስ ከኢትዮጵያ ሊጠይቁት የመጡ እናቱን ይዞ ገባ። የእሳቸውንም ደም ግፊት እንድናይለት ፈልጎ ነው።

እሳቸው ናቸው ነገሩን ያወጡት። «እንቅልፉን ትጠይቁታላችሁ እንዴ? እዚያ ቤት እኮ አይመሽም» አሉ። ልጃቸው ቀና አላለም። «ሌት ተቀን የሚበራ ድንኳን አለው። ምንድነው ስለው በርበሬ ነው ይላል። በርበሬ እኔ አላውቅም? እንዲህ ነው የሚሸተው?»

ነርሷ እማማን ለደም ግፊት ስትወስዳቸው እሱ ሳቅም እፍረትም ተደባልቆበት ነገረኝ። ቤቱ ስቱዲዮ ነው፤ አንድ ክፍል። እናቱ አልጋው ላይ፣ እሱ ሶፋው ላይ፣ ድንኳኑ ጥግ ላይ። ተክሎቹ በእድገት ላይ ናቸው፤ 18 ሰዓት ብርሃን ይፈልጋሉ። ሌሊት አየሩ ስለሚቀዘቅዝና መብራቱ ክፍሉን ስለሚያሞቀው፣ መብራቱ ምሽት 12 ሰዓት ላይ እንዲበራና በማግስቱ ቀን 6 ሰዓት ላይ እንዲጠፋ አድርጎታል። የመዘገበውን የእንቅልፍ ወረቀት ከዚህ ጋር ስናስተያየው ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገንም። እሱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋት 4 ሰዓት ነው ለመተኛት የሚሞክረው። መብራቱ ያን ጊዜ ሁሉ በርቷል። ቤቱ የሚጨልመው እሱ ምሳ በልቶ ለሥራ ሲዘጋጅና ሲወጣ ነው።

«ዶክተር፣ ያለፈው ጊዜ ሲያብቡ እኮ ጨለማቸው እንዳይበላሽ ብዬ የማይክሮዌቩን ሰዓት ሳይቀር በፕላስተር ሸፍኜዋለሁ» አለኝ።

«ለራስህስ?» አልኩት።

«ለራሴ ቴሌቪዥኑን ከፍቼ ነው የምተኛው።»

ይህን የሚያስቅ ነገር ብዬ አልፈው ነበር፤ ቀጥሎ የነገረኝ ግን የሚያስቅ አይደለም። ከሳምንት በፊት ሰው ጭኖ ቀይ መብራት ላይ እንደቆመ እንቅልፍ ወስዶት፣ ከኋላው ጡሩምባ ሲነፋበት ነው የነቃው። እግሩ ፍሬኑ ላይ ስለቆየ ተረፈ።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ልብ በሉ። አዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። በእድገት ወቅት ተክሉ የሚሰጠው ጨለማ ስድስት ሰዓት ነው። ስለዚህ ታይመሩን እንዴትም ብታዞሩት፣ ተክሉ የምትተኙበት ክፍል ውስጥ እስካለ ድረስ ጨለማው አይበቃችሁም። «ሰዓቱን አስተካክላለሁ» የሚለው መልስ በዚህ ወቅት አይሠራም፤ ወይ ተክሉ ይወጣል፣ ወይ እናንተ ትወጣላችሁ። በአበባው ወቅት ግን 12 ሰዓት ጨለማ ስላለ ማስማማት ይቻላል፤ ጨለማው የእናንተን እንቅልፍ ከነመግቢያና መውጫው እንዲሸፍን ታይመሩን ማስተካከል ነው። ቀን የሚሠራ ሰው ከምሽት 2 እስከ ጠዋት 2 ሰዓት ቢያደርገው ይስማማዋል። የእኛ ሰው ሌሊት 8 ሰዓት የሚገባ ስለሆነ ጨለማውን ከሌሊት 7 እስከ ቀን 7 ሰዓት አደረገው። ተክሎቹ ወደ አበባ የሚዞሩበት ጊዜም ደርሶ ነበርና ለውጡ አላስቸገረውም። እስከዚያው ግን ድንኳኑን ወደ ክሎዜት አስገብቶ በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለ። ማራገቢያው ሌሊቱን ሙሉ ስለሚጮህ ለጆሮው መድፈኛ ገዛ።

ተክል የማታበቅሉ፣ ግን ሌሊት የምትሠሩ ብዙ ናችሁ፤ ፓርኪንግ፣ ሆቴል፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ። ለእናንተም ያው ነው። ቀን ስትተኙ ክፍሉ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጣታችሁን እስከማታዩት ድረስ ይጨልም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የሌሊት ፈረቃን ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከተመደቡ ነገሮች ውስጥ ያስገባው በ2007 ነው፤ በ2019 እንደገና አይቶ አጽንቶታል። ይህን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም፤ ሥራውን የምትሠሩት ወዳችሁ እንዳልሆነ አውቃለሁ። መጋረጃ ግን በእጃችሁ ነው።

ወደ ታካሚዬ ስመለስ፣ መብራቱ ግማሹ ብቻ ነበር። ሌላው ግማሽ ያጨሰው የነበረው ነው። ሥራ እንደጨረሰ፣ እንቅልፍ እንዲወስደው ብሎ ያጨሳል። በመጀመሪያው ሰሞን ይወስደው ነበር፤ እውነት ነው፤ በካናቢስ ውስጥ ያለው ቲኤችሲ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ያስተኛል። ነገር ግን ሕልም የምናይበትን የእንቅልፍ ክፍል ያሳጥራል፤ ሰውነትም ይለምደዋል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው መጠን አያስተኛም። ሰውየው ሲያቆም ደግሞ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ቅዠት የሚመስሉ ደማቅ ሕልሞች ይመጣሉ፣ ንዴትና ላብ ይኖራል። በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፤ የእንቅልፉ ችግር ከሌላው ዘግይቶ፣ አንዳንዴ ከወር በላይ ቆይቶ ነው የሚለቀው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አየህ፣ ያለ እሱ መተኛት አልችልም» ብሎ ይመለሳል። ያ የእንቅልፍ ማጣት በሽታው ሳይሆን የማቆሙ ምልክት ነው፤ ያልፋል። የዛሬው ካናቢስ ደግሞ የድሮው አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በፖሊስ ተይዞ ከተመረመረው ውስጥ በ1995 የነበረው የቲኤችሲ መጠን በአማካይ 4 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2021 ከ15 በመቶ አልፏል።

ኪኒን አላዘዝኩለትም። ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ ማጣት መጀመሪያ የሚመከረው ለእንቅልፍ ተብሎ የተዘጋጀ የባሕርይ ሕክምና ነው፤ ወደዚያ ላክሁት። የሚያጨሰውን በየሳምንቱ እየቀነሰ እንዲሄድ ተስማማን። ካጨሰ በኋላ መሪ እንዳይጨብጥ፣ እንቅልፉ እስኪስተካከልም የሌሊቱን የመጨረሻ ሰዓታት እንዲተው ነገርኩት። ገቢው እንደሚቀንስ አውቃለሁ፤ እሱም አጉረመረመ። የቀይ መብራቱን ነገር ሳነሳበት ዝም አለ።

ለእሱ ከእንቅልፉም የሚከብድ ሌላ ጉዳይ ነበረው፤ የዜግነት ማመልከቻ አስገብቷል። እዚህ ላይ የእኔ ሥራ ጠበቃ እንዲያይ መምከር ብቻ ነው፤ እናንተንም የምመክረው ይህንኑ ነው። ቨርጂኒያ ፈቀደች ማለት የፌዴራል መንግሥቱ ፈቀደ ማለት አይደለም። የአሜሪካ ዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት በሚያዝያ 2019 ባወጣው መመሪያ፣ በክፍለ ግዛቱ ሕግ የተፈቀደ ቢሆንም እንኳ ከካናቢስ ጋር የተያያዘ ተግባር ዜግነት ሊያስከለክል እንደሚችል ጽፏል። ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ ጉዳያችሁ በሂደት ላይ ያለ፣ አራት ተክል ይፈቀዳል የሚለውን ብቻ ሰምታችሁ አትቀመጡ። የተከራያችሁበት ቤት ውልም አለ፤ ብዙ አከራዮች ይከለክላሉ።

ይህን ፈርተው ለሐኪማቸው የማይናገሩ ሰዎች አሉ። ለሐኪም የምትነግሩት በሕግ የተጠበቀ ምስጢር ነው። ካልተናገራችሁ ግን የምናዝላችሁ መድኃኒት ከምታጨሱት ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ የእንቅልፍ ኪኒንና ካናቢስ አንድ ላይ ሆነው መኪና የሚነዳን ሰው ምን እንደሚያደርጉ መገመት አያቅትም። ቤተሰብ አብሮ ከገባ ብቻችሁን እንድታናግሩን ጠይቁ፤ እንደዚያ ማድረግ ነውር አይደለም።

ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁለቱን ሳልመልስ አልለፍ። አንዷ እህታችን «ክረምት ላይ በጣም ይከፋኛል፤ የባለቤቴ የተክል መብራት ሥር ብቀመጥ ይጠቅመኛል?» ብላለች። የክረምቱ ድባቴ እውነተኛ ሕመም ነው፤ በስሙ ተጠርቶ የተገለጸው በ1984፣ እዚሁ ሜሪላንድ ቤተስዳ ባለው የብሔራዊ ጤና ተቋም በሠሩት በዶክተር ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቻቸው ነው። በብርሃንም ይታከማል። ግን ለዚያ የተሠራ 10,000 ሉክስ ነጭ ብርሃን የሚሰጥ፣ አልትራቫዮሌቱ የተጣራ መብራት አለ፤ ጠዋት ላይ ለግማሽ ሰዓት ያህል ከፊት ተቀምጦ እንጂ ተኩር ተብሎ አይታይም። የተክል መብራት ለቅጠል የተሠራ ነው። የዓይን ሬቲና ሕመም ያለበት ወይም ስሜቱ ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚል ሰው ለድባቴው የተሠራውንም ቢሆን ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። የቫይታሚን ዲ ነገር ከሆነ ደግሞ ተራው የኤልኢዲ የተክል መብራት ቫይታሚን ዲ አይሰጥም።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ዓይን ነው። አንዳንድ መብራቶች ሆን ተብሎ አልትራቫዮሌት ይጨመርባቸዋል። ያለ መከላከያ መነጽር ሥራቸው ሲቆይ የዓይን ፊተኛው ሽፋን ይቃጠላል፤ ያለ መነጽር የሚበይድ ሰው ሌሊት ላይ የሚያስለቅሰው ያው ሕመም ነው። ወዲያው አይታወቅም። ከስድስት እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ አሸዋ የገባ ያህል ይቆረቁራል፣ ያስለቅሳል፣ ብርሃን አያሳይም። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይሽራል፤ ግን ይታይ። የሚያደነዝዝ ጠብታ ከሰው ተቀብላችሁ ቤት ውስጥ አትጨምሩ፤ ዓይኑ እንዳይድን ያደርጋል።

ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ክፍሉ ይቆለፍ፤ መብራቱም ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ከማሞቂያ ጋር አይሰካ። ይህን በአንድ መስመር የማልፈው ቀላል ስለሆነ ሳይሆን ብዙ ማብራሪያ ስለማያስፈልገው ነው።

ታካሚዬ በሦስተኛው ወር ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ስድስት ሰዓት ተኩል ተመዝግቧል፤ ሰባት ገና አልሞላም። ማጨሱን ወደ ሳምንት ሁለት ቀን አውርዶታል። ተክሎቹን ካነሳ በኋላ ድንኳኑን አጥፎ ከአልጋው ሥር ከቶታል፤ እንደገና ይዘርጋው አይዘርጋው ከጠበቃው ጋር ከተነጋገረ በኋላ ነው የሚወስነው። እማማ ወደ ሀገር ተመልሰዋል። ደም ግፊታቸው ከመሄዳቸው በፊት የተሻለ ነበር፤ መድኃኒቱ ነው ወይስ እንቅልፉ ማለት ግን አልችልም።

እናንተም የእንቅልፍ ችግር ኖሮባችሁ ሐኪም ዘንድ ልትሄዱ ከሆነ፣ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ መመዝገብ ጀምሩ። የተኛችሁበትን ሰዓት፣ የነቃችሁበትን ሰዓት፣ መሀል ላይ ስንት ጊዜ እንደነቃችሁ፣ ቡና መቼ እንደጠጣችሁ፣ ምን እንዳጨሳችሁና ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ። ክፍላችሁ ውስጥ ወይም አጠገቡ ሌሊት የሚበራ ነገር ካለ፣ የተክልም ይሁን የዓሣ ማቆያ ወይም ቴሌቪዥን፣ የሚበራበትንና የሚጠፋበትን ሰዓት ከጎኑ በሌላ ዓምድ ጻፉ። ስትመጡ ወረቀቱን ይዛችሁ ግቡ።